አባ ሎሬንሶ ሚላኒ፤ ወላጅን ያልዘነጉ መምህር

አንዲት የገጠር እናት ልጃቸው ከክፍል መውደቁን ሰምተው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የሚቀበሏቸው መምህር ክፉ ሰው አይደሉም። ወንበር ስበው ያስቀምጧቸዋል፤ መዝገቡን ገልጠው ውጤቱን ያሳዩአቸዋል፤ በሰማያዊ እርሳስ የተሰረዘ የተሰመረበትንም የልጁን ጽሑፍ ያቀርቡላቸዋል። እናትየው መዝገቡን ቢያዩትም አያነቡትም። መምህሩ በአክብሮት ስላነጋገሯቸው ግን ደስ ብሏቸው ይነሣሉ። መንገድ ላይም፣ እንግዲህ ለኛ ብልህ ልጅ አልደረሰንም፣ እኛ እንደገባነው እሱም ወደ እርሻው ይግባ እያሉ ለራሳቸው እየነገሩ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጁ ትምህርት አበቃ።

ይህን የመሰለውን ታሪክ በ1967 ታትሞ በወጣ መጽሐፍ ውስጥ የጻፉት ስምንት የጣልያን የገጠር ልጆች ናቸው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ታዲያ እስቲ እናስተውለው፤ እናትየው ስለ ልጃቸው ውጤት አልተነገራቸውምን? ተነግሯቸዋል። መዝገቡንም ደብተሩንም አይተዋል። ግን የተነገራቸው ነገር አፋቸውን አዘጋው እንጂ ዓይናቸውን አልከፈተውም። ነገን የወላጅ ፊት ለፊት ለምንቀመጥ እጩ መምህራን ከዚህ የበለጠ ጥያቄ የለም። ስለዚህ እነዚያን ስምንት ልጆች ያስተማሩትን የካቶሊክ ቄስ የአባ ሎሬንሶ ሚላኒን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን።

የሀብታም ልጅ

ሎሬንሶ ሚላኒ ሜይ 27 ቀን 1923 በፍሎሬንስ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በሀብትም በዕውቀትም የታወቀ ነበር። ቅድመ አያቱ ዶሜኒኮ ኮምፓሬቲ በጥንታውያን ቋንቋዎች ጥናት ስማቸው የተጠራ ሊቅ ነበሩ። እናቱ አሊቼ ቫይስ በትውልዳቸው አይሁዳዊት ሲሆኑ የትሪየስቴ ከተማ ተወላጅ ነበሩ። በዚያ ቤት መጽሐፍ እንደ ዳቦ ነበር፤ ማንም ልጅ ቃል አጥቶ አያድግም። ሎሬንሶ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ የተቆጨውም በዚሁ ነው፤ እሱ ሳይለፋ ያገኘውን ቃል የገበሬው ልጅ ለፍቶም አያገኘውም።

በ1930 ቤተሰቡ ወደ ሚላኖ ተዛወረና ልጁ እዚያ ተማረ። ጊዜው የፋሺስቶች ዘመን ነው። እዚህ ላይ የሱ ታሪክ ከኛ ታሪክ ጋር ይገናኛል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባና ከጥቂት ቀናት በኋላም ሙሶሊኒ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት መመሥረቱን ሲያውጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ሎሬንሶ በደስታ ዘለለ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ይህን ነገር ለዳኞች በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ራሳቸው አልሸሸጉትም። መምህሮቻቸው ጦርነቱን የአገር ክብር አድርገው እንዳስተማሯቸው፣ ኢትዮጵያውያን ምንም እንዳልበደሏቸው፣ ጎጇቸው ሴትና ሕፃን እንደያዘ ሲቃጠል ግን ትምህርት ቤቱ አንድም ቃል እንዳልተነፈሰ አስታወሱ። ያን ትምህርት ቤት ፈሪ ሲሉ ወቀሱት። መምህር በዝምታውም እንደሚያስተምር የተረዱት ከራሳቸው ልጅነት ነው።

ወጣቱ ሎሬንሶ መጀመሪያ ያዘነበለው ወደ ሥዕል ነበር። በ1943 ግን፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ዓመት፣ ሥዕሉንም ምቾቱንም ተወና በፍሎሬንስ ወደሚገኘው የካህናት ማሠልጠኛ ገባ። ሃይማኖት ባልጠበቀበት ቤት ያደገ ልጅ ቄስ እሆናለሁ ማለቱ ለቤተሰቡ ዱብ ዕዳ ነበር። ጁላይ 1947 ክህነት ተቀበለ።

የሠራተኞች የማታ ትምህርት ቤት

አባ ሎሬንሶ የተመደቡት በፍሎሬንስ አቅራቢያ ሳን ዶናቶ ዲ ካሌንሳኖ በሚባል ደብር ነው። ምእመናኑ ገበሬዎችና የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ነበሩ። ወጣቱ ቄስ በዐውደ ምሕረት ሲሰብኩ ሕዝቡ በጸጥታ ይሰማል፤ ሲጨርሱ ግን የገባው ጥቂት ነው። ጉድለቱ የእምነት ሳይሆን የቋንቋ መሆኑን አዩ። እናም ስብከቱን ከማብዛት ይልቅ የማታ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ትምህርት ቤቱ የማንም ወገን አልነበረም። የካቶሊኩም ወጣት የኮሚኒስቱም ወጣት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አባ ሎሬንሶ፣ ማንም ሰው ይህ የሃይማኖት ማጥመጃ ነው ብሎ እንዳይሸሽ፣ መስቀሉን ከክፍሉ ግድግዳ አወረዱት። ቄስ ሆነው መስቀል ማውረዳቸው ብዙ ሰው አስቆጣ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ አንድ ባለሙያ እየጋበዙ ወጣቶቹ በጥያቄ እንዲያፋጥጡት ያደርጉ ነበር።

ከዚህም ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ የሕዝቡን ኑሮ አጠኑ፤ ማን እስከ ስንተኛ ክፍል ተማረ፣ በስንት ክፍል ቤት ስንት ነፍስ ይኖራል፣ ማን ምን ይሠራል እያሉ መዘገቡ። ጥናቱ በ1958 በመጽሐፍ ታተመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሮም በመጣ ትእዛዝ መጽሐፉ ከገበያ እንዲነሣ ተደረገ። እገዳው ዋጋ እንደሌለው ከቫቲካን የተነገረው በ2014 ነው፤ ይህም አባ ሎሬንሶ ካረፉ 47 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ባርቢያና

መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት፣ በዲሴምበር 1954፣ አባ ሎሬንሶ ከሳን ዶናቶ ተነሥተው ባርቢያና ወደሚባል ደብር ተላኩ። ብዙዎች ይህን እንደ ግዞት ቆጠሩት። ባርቢያና በሙጄሎ አውራጃ በጆቪ ተራራ ላይ ያለ ቦታ ነው። መንደር እንኳ አይባልም፤ ቤቶቹ በየዱሩ የተበታተኑ ነበሩ። የመኪና መንገድ የለ፣ መብራት የለ፣ የቧንቧ ውሃ የለ። ቄሱ እንደደረሱ ያደረጉት ነገር በዚያች ትንሽ መካነ መቃብር ውስጥ የመቃብር ቦታ መግዛት ነበር። ከዚህ አልሄድም ማለታቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነበር።

ወዲያው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ጨርሰው ከብት ከመጠበቅ በቀር ሌላ ዕድል ያልነበራቸውን ጥቂት ልጆች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ይኸው ነው እንግዲህ በኋላ ስሙ በዓለም የተሰማው የባርቢያና ትምህርት ቤት። ደረጃው እኛ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ ልጆቹ የመንግሥትን ፈተና በግል ተፈታኝነት ይወስዱ ነበር።

የመምህሩ መድረክ፣ ጥቁር ሰሌዳና ዴስክ አልነበረም። የሚማሩባቸውም የሚበሉባቸውም ትልልቅ ጠረጴዛዎች ብቻ ነበሩ። ከየመጽሐፉ አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበረ ልጆቹ በሱ ዙሪያ ተደፍተው አንዱ ለሌላው ያነባል። ትልቁ ትንሹን ያስተምራል። አንድ ልጅ ያልገባው ነገር ካለ፣ እሱ እስኪገባው ድረስ ሌላው ወደፊት አይሄድም። ጋዜጣ በየቀኑ ይነበባል፤ እያንዳንዱ እንግዳ ቃል ሥሩ ተቆፍሮ ይጠናል። የውጭ ቋንቋ የሚማሩትም ፈተና ለማለፍ ሳይሆን ከሰው ጋር ለመነጋገር ነው፤ ከፍ ያሉት በክረምት ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ጀርመን እየሄዱ ሠርተው፣ ቋንቋውን ለምደው ይመለሱ ነበር። የተራራ ልጆች ውሃ ስለሚፈሩም በእጃቸው ትንሽ የመዋኛ ገንዳ ቆፍረው ሠሩ። በግድግዳው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ አጭር ቃል ተለጥፎ ነበር፤ ትርጉሙ ያገባኛል ማለት ነው። ግድ የለኝም ይሉ ለነበሩት ፋሺስቶች መልስ መሆኑ ነው።

ትምህርት ከጧት እስከ ማታ፣ በዓመት 365 ቀን ነበር። እሑድ የለ፣ የገና ዕረፍት የለ። ይህ ለኛ ከባድ ይመስላል። አንድ በቤቱ 36 ላሞች የነበሩት ልጅ ግን ከበረት እበት መዛቅ ትምህርት ቤት ይሻላል የሚል ሐሳብ ነበረው። ለነሱ የትምህርት ቤት ተቃራኒ ጨዋታ ሳይሆን በረት ነበር።

ለወላጆቹስ? በዚያ አገር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሙሉ እረኛ ነው። ልጅን ቀኑን ሙሉ ለትምህርት መስጠት ማለት አንድ የሥራ እጅ ማጣት ነው። ስለዚህ የባርቢያና ወላጅ ገንዘብ ባይከፍልም የከፈለው ቀላል አልነበረም። ይህን የከፈሉት ደግሞ ቄሱ አጠገባቸው ስለኖሩ፣ እያንዳንዱን ቤት ስለሚያውቁና ትምህርቱ ለልጁ ምን እንደሚጠቅም በሚገባቸው ቋንቋ ስለነገሯቸው ነው። ሁሉንም አሳመኑ ማለት ግን አይደለም። በሴቶች ልጆች በኩል ሥራው ብዙ ጎደለ። ልጆቹ ራሳቸው በመጽሐፋቸው እንዳመኑት፣ ከታችኛው መንደር ልጃገረድ ልኮ ያስተማረ ወላጅ አልነበረም። መንገዱም አስቸጋሪ ነው፤ ከመንገዱ የባሰው ግን ለሴት ልጅ ዕውቀት አያስፈልጋትም የሚለው ልማድ ነበር።

አባ ሎሬንሶ የዋህ ሰው አልነበሩም፤ ይህንም መደበቅ አያስፈልግም። ቁጡ ነበሩ፤ አንደበታቸው ይሸክካል፤ ዲሲፕሊናቸው ብርቱ ነበር። የሚወዷቸውም የሚቃወሟቸውም በዚህ ይስማማሉ።

ክስ

በ1965 አንዳንድ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ቀሳውስት፣ በሕሊና ምክንያት መሣሪያ አንይዝም የሚሉትን ወጣቶች ፈሪ ሲሉ መግለጫ አወጡ። አባ ሎሬንሶ ከተማሪዎቻቸው ጋር ጋዜጣውን አንብበው በደብዳቤ መልስ ሰጡ። በዚህም ወንጀልን አሞገሱ ተብለው ተከሰሱ። በዚያን ጊዜ በካንሰር በጠና ታመው ስለነበር ሮም ወርደው ችሎት መቆም አልቻሉም፤ መከላከያቸውን ለዳኞቹ በጽሑፍ ላኩ። ቀደም ብለን የጠቀስነው የኢትዮጵያ ጦርነት ትዝታ የሰፈረው በዚህ ጽሑፍ ነው። ፌብሩዋሪ 1966 ነፃ ተባሉ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ቢልም ውሳኔው ሲሰጥ እሳቸው አልነበሩም።

ለወላጆች የተጻፈ መጽሐፍ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። በዲሴምበር 1962 በወጣ ሕግ ጣልያን ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት የሦስት ዓመት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደነገገች። ትምህርቱም እስከ 14 ዓመት ግዴታ ሆነ። ሕጉ መልካም ነበር። ግን በሩ በፊት ለፊት ተከፍቶ በጓሮ ልጆች ይፈስሱ ነበር፤ የሚወድቁት፣ ክፍል የሚደግሙት፣ በመጨረሻም የሚቀሩት ከሁሉ ይበልጥ የገበሬና የሠራተኛ ልጆች ነበሩ።

ከባርቢያና ልጆች ሁለቱ መምህር ለመሆን ፈልገው፣ እንደዚህ እንደኛው ተቋም ወዳለ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሄዱና ወደቁ። ከዚያ በኋላ ስምንት ልጆች ከአባ ሎሬንሶ ጋር ሆነው ለጣይቱ መምህርት መልስ መጻፍ ጀመሩ። ሥራው ወራት ወሰደ። አጻጻፋቸው ለኛም ትምህርት ይሆናል። እያንዳንዱ ልጅ ሐሳቡን በብጣሽ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ አንድ ሐሳብ በአንድ ወረቀት። ወረቀቶቹ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው የሚመሳሰሉት ይሰበሰባሉ፣ የተደገሙት ይጣላሉ፣ የቀሩት በቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ከዚያ እየተነበበ፣ የማያስፈልግ ቃል እየወጣ፣ የማይገባው ሰው እስኪጠፋ ድረስ ይታረማል። ይህን የጋራ አጻጻፍ ያዳበሩት በ1963 በፒያዴና ከመምህር ማሪዮ ሎዲ ተማሪዎች ጋር በተጻጻፉ ጊዜ ነበር። በተጨማሪም የመንግሥትን የስታቲስቲክስ መዛግብት አገላብጠው፣ በየክፍሉ ስንት ልጅ እንደሚጠፋና የማን ልጅ እንደሆነ ቆጥረው በሠንጠረዥ አሳዩ።

መጽሐፉ በሜይ 1967 ወጣ። ስሙ ለአንዲት መምህርት የተጻፈ ደብዳቤ ይላል። ገና መግቢያው ላይ ግን የተጻፈው ለመምህራን ሳይሆን ለወላጆች መሆኑን፣ ዓላማውም ወላጆች እንዲደራጁ መጋበዝ መሆኑን ይናገራል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ግን ምክንያት አለው።

ልጆቹ ሁለት ተማሪዎችን ያወዳድራሉ። አንዱ የሐኪም ልጅ ነው። ማንበብና መጻፉን ከቤቱ ይዞ መጥቷል፤ በቤቱ መጽሐፍ ሞልቷል፤ ሲያቅተው በገንዘብ የሚያስጠኑት አሉት፤ ወላጆቹ መዝገብ ማንበብም መምህር ማፋጠጥም ያውቁበታል። ሌላው የገበሬ ልጅ ነው። ያለው ትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በቀን ጥቂት ሰዓት አስተምሮት ይሸኘዋል። ወላጆቹ የተማረ ሰው ያሉትን ሁሉ ይቀበላሉ። እኛስ አገር የተማረ ይግደለኝ ይባል የለም? የዚያች እናት ዝምታ ከዚሁ የመጣ ነው። መምህሩ ልጅዎ ወድቋል ሲሏቸው የፈተናውን ውጤት ሳይሆን የልጃቸውን ተፈጥሮ የነገሯቸው መሰላቸው።

ስለዚህ የባርቢያና ልጆች ሦስት ነገር ጠየቁ። በግዴታ ትምህርት ላይ ያለን ልጅ አትጣሉት። ሰነፍ ለሚመስለው ሙሉ ቀን አስተምሩት። ደንታ ለሌለው የሚማርበትን ዓላማ ስጡት። ይህ እንዲፈጸም ደግሞ እናቶችና አባቶች እንደ ሠራተኛ ማኅበር ያለ ማኅበር ያስፈልጋቸዋል አሉ፤ መምህሩ ደመወዝ የሚከፈለው ልጆችን ሊያስተምር እንጂ ሊያባርር አለመሆኑን የሚያስታውስ ማኅበር።

መጽሐፉ ብዙ መምህራንን አስቀየመ። በተጨናነቀ ክፍል፣ በአነስተኛ ደመወዝ የሚለፋውን መምህር ሁሉ በአንድ ላይ ወቀሰ ያሉ ነበሩ። ወቀሳው ሸካራ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም በሠንጠረዡ ውስጥ ያሉትን የጠፉ ልጆች ማንም ሊክዳቸው አልቻለም።

ዕረፍት

አባ ሎሬንሶ መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ ጁን 26 ቀን 1967፣ በፍሎሬንስ በእናታቸው ቤት አረፉ። ዕድሜያቸው 44 ዓመት ነበር። በመጨረሻው ዘመናቸው ተማሪዎቻቸው ከአልጋቸው አልራቁም። አስከሬናቸውም ቀድመው በገዙት ቦታ፣ በባርቢያና ዐረፈ።

ትምህርት ቤቱ ከሳቸው በኋላ አልቆየም። ሐሳቡ ግን ተራራውን ወረደ። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ። ጣልያን በ1974 ወላጆች በምርጫ የሚወከሉበትን የትምህርት ቤት ምክር ቤት በሕግ አቋቋመች፤ በ1977 ደግሞ በዚያ ደረጃ የነበረው የቁጥር ውጤት ቀርቶ ስለ እያንዳንዱ ልጅ በጽሑፍ የሚሞላ ካርድ እንዲተካ ተደነገገ። ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ድምፁ ግን በውስጡ ነበረበት። በጁን 2017፣ በሞቱ በ50 ዓመት፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስኮስ ወደ ባርቢያና ወጥተው በመቃብራቸው ላይ ጸለዩ። በግዞት ለተላኩት ቄስ ከቤተ ክርስቲያናቸው የተሰጠ ዘግይቶ የመጣ ክብር ነበር።

ለኛ የቀረልን

እንግዲህ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ፣ ኋላም ስንመደብ፣ የሴሚስተሩ መጨረሻ ይመጣል። ካርድ ሞልተን፣ ደረጃ አውጥተን ወላጅ እንጠራለን። ከገበያ የመጡ እናት ወይም ማሳቸውን ጥለው የመጡ አባት ፊት ለፊታችን ይቀመጣሉ። በትሕትና ተቀብለን፣ ካርዱን አሳይተን፣ ልጅዎ ሰነፍ ነው ብለን ልንሸኛቸው እንችላለን። ማንም አይወቅሰንም፤ እንዲያውም አመስግነውን ይሄዳሉ። ያቺ የጣልያን እናትም አመስግነው ነው የሄዱት።

ወይም ደግሞ ሌላ ንግግር እንጀምራለን። ልጁ የትኛው ነገር እንዳቃተው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ እኛ ምን ሞክረን ምን እንዳልሞከርን በቀላል አማርኛ እንነግራቸዋለን። ማታ ስንት ሰዓት ከብት እንደሚያስገባ፣ በምን መብራት እንደሚያጠና፣ ለምን ሰኞ ሰኞ እንደሚቀር እንጠይቃቸዋለን። ስለ ልጁ ካርዱ የማያውቀውን ያውቃሉና። የሚጠሩትም ልጁ ሲያጠፋ ብቻ ከሆነ ትምህርት ቤት ለነሱ ሁለተኛ ፍርድ ቤት ይሆንባቸዋል። ሲበረታም ይጠሩ። መምጣት ያልቻሉትን ደግሞ እኛው ሄደን እንያቸው።

አባ ሎሬንሶ በሁሉ ነገር አርአያ ይሁኑን አንልም፤ ቁጣቸውን ለሳቸው እንተወው። ነገር ግን ወላጅ ከትምህርት ቤቱ ሲወጣ ስለ ልጁ ተስፋ ቆርጦ ከሆነ፣ መምህሩ አሳወቀው አይባልም። ይህን ከባርቢያና ተራራ ይዘን ብንወርድ ይበቃናል።